በቀልን መተው፣ ስምን ማሰብ

ከእንጦጦ ማርያም ደጅ ቆመን ቁልቁል ስንመለከት፣ በስተ ምሥራቅ የየካን ኮረብታ፣ ከበታቻችንም በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርደውን መንገድ እናያለን። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ ከተማው የገቡት፣ አስቀድመው በዚህ ደብር ጸልየው፣ ይህንኑ ተራራ ወርደው ነው። ዕለቱ ጠላት አዲስ አበባን ከያዘ ልክ አምስት ዓመት የሞላበት ነበር።

በዚያ ቀን ከተናገሩት ቃል ብዙ ጊዜ የሚወሳው አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ ይኸውም ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ በእጁ በወደቀው ጠላት ላይ ግፍ እንዳይሠራ ማዘዛቸው ነው። ነገር ግን ያው ንግግር ከዚህ ትእዛዝ አስቀድሞ፣ በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን የጀመረውን የሦስት ቀን ፍጅት ሳይሸፍን ይዘረዝራል፤ በምን መሣሪያ እንደ ተገደሉ፣ ከሕፃናቶቻቸው ጋር በቤታቸው ውስጥ እንደ ተቃጠሉ ሳይቀር ያነሣል። በቀልን የከለከለው አንደበት ግፉን የቈጠረው ያው አንደበት ነው። ዕለቱም የቅዱስ ሚካኤል ነበርና፣ ዛሬም በየካ ሚካኤል ለወርኃዊው በዓል የሚሰበሰብ ምእመን፣ የካቲት በመጣ ቍጥር የመልአኩን በዓልና የሰማዕታቱን መታሰቢያ በአንድ ቀን ያገኛቸዋል።

እንግዲህ «ተወው» ማለትና «እርሳው» ማለት አንድ አይደሉም። ዮሴፍ የበኵር ልጁን ምናሴ ብሎ የሰየመው እግዚአብሔር መከራውን ስላስረሳው ነው፤ ሆኖም ወንድሞቹ በፊቱ በቆሙ ጊዜ የሸጡት እነርሱ መሆናቸውን በግልጥ ነግሯቸዋል፤ አጽሙንም ከግብፅ እንዲያወጡ አምሏቸዋል። ታዲያ የረሳው ምኑን ነው ቢሉ፣ የተደረገበትን ሳይሆን ሊያስከፍል ይችል የነበረውን ዕዳ ነው።

አንድ መራራ ነገር ግን ሳንናገር ብናልፍ ደግ አይሆንም። ከድሉ በኋላ ለጠላት ካገለገሉት አንዳንዶቹ ሲሾሙ፣ በዱር በገደል ከተዋጉት አርበኞች ብዙዎቹ ወደ ኋላ ቀርተው ነበርና ጽኑ ቅሬታ ተነሥቷል። ይህን ቅሬታ በቀል ነው ብሎ መንቀፍ ተገቢ አይመስለንም። በዳይን መማርና የተበዳዩን ድካም እንዳልነበረ መቍጠር የተለያዩ ናቸውና።

በቅርብ ዓመታት ጦርነት ልጁን ያጣ አባት ወደ ንስሐ አባቱ ሲመጣም ነገሩ ይኸው ነው። «እርሳው» ብንለው የማይቻለውን እንጠይቀዋለን፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህን አላዘዘችውም። ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት ብላ ቀን የወሰነችለት ኀዘኑ ወሰን፣ የሟቹም ስም ቦታ እንዲያገኝ ነው። እኛ ካህናት ስለዚህ አስቀድመን የልጁን የክርስትና ስም እንጠይቀው፤ በጸሎት እንጥራው፤ አባትየውም ሲጠራ ይስማው። ስለ ገዳዩ የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምናልባት ከአርባው በኋላ፣ ምናልባትም ከዓመቱ በኋላ።