ሆድ ካገር ይሰፋልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፤ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ አባቶቻችን። ጠጅ በጣሳ ቢቀዳም ጠጅነቱን አይለቅም፤ በብርሌ ሲሆን ግን ቀለሙ ይታያል። ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሊገሥጽ በሄደ ጊዜ ኃጢአቱን በመዘርዘር አልጀመረም፤ አንዲት በግ ብቻ ስለነበረችው ድኻ ነገረው እንጂ። ዳዊትም በባለጸጋው ላይ ተቆጥቶ ከፈረደ በኋላ ነው ፍርዱ በራሱ ላይ መሆኑን ያወቀው (2ኛ ሳሙ. 12)።

በቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት አቈጣጠር የጠቢቡ የሰሎሞን ምሳሌ ሁለት መጽሐፍ ነው፤ እስከ 24ኛው ምዕራፍ ያለው መጽሐፈ ምሳሌ፣ ከ25ኛው እስከ 31ኛው ያለው መጽሐፈ ተግሣጽ ይባላል። በዚሁ በተግሣጽ ክፍል፣ በ26ኛው ምዕራፍ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። 4ኛው ቁጥር ለሰነፍ እንደ ስንፍናው እንዳንመልስለት ይከለክላል፤ 5ኛው ቁጥር ደግሞ እንድንመልስለት ያዝዛል። መጀመሪያ ሳነበው የአታሚ ስሕተት መስሎኝ ነበር። መምህራችንን ብጠይቃቸው ሁለቱም እውነት መሆናቸውን፣ የሚለየው ጊዜውና ሰውዬው እንደሆነ አስረዱኝ። የአገራችን ተረትም እንዲሁ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ሕዝብ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይላል።

እናቴ የምትኖረው በአንድ ምሳሌ ነው፤ «ሆድ ካገር ይሰፋል»። ጎረቤት ክፉ ሲናገራት፣ የዕድር ሴቶች ሲያሟት፣ ይህችን ብላ ትተወዋለች። በሰፈራችን ሁለት ቤቶች በአጥር ተጣልተው ለዓመታት «እንዴት አደራችሁ» ሳይባባሉ ሲኖሩ ሁለቱም እኛ ቤት ቡና ይጠጡ ነበር፤ ባንዱ ቤት የሰማችውን በሌላው አታወራምና። በመጨረሻ የታረቁት በፋሲካ ማግሥት በእኛው ቤት ነው።

እኔም ይህንኑ ምሳሌ ስንቅ አድርጌ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በመጀመሪያው ሴሚስተር በሁለት ትምህርት ወደቅሁ፤ ማስጠንቀቂያም ተሰጠኝ። ለጓደኛ አልተናገርሁም፤ ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም። ቤት ስደውል «ደኅና ነኝ» እላለሁ። ሆድ ካገር ይሰፋላ! እንቅልፍ ጠፋ፤ ከክፍል መቅረት መጣ፤ ኋላም ጸሎት ቀረ። አንድ የዶርም ጓደኛዬ የተሰጠኝን ደብዳቤ ወድቆ አግኝቶ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለኝና ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሒሳብ ያስጠናኝ ጀመር። (ይህ ጓደኛዬ ከእኛ ሰንበት ትምህርት ቤት አይደለም፤ ይህን መናገር ተገቢ ስለመሰለኝ ነው።)

የከበደኝ ለእናቴ መናገሩ ነበር። ለዕረፍት በሄድሁ ጊዜ ነገርኋት። አልተቆጣችም። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ እርስዋም ጡቷ ላይ እብጠት ካገኘች 8 ወር እንደሆናት ነገረችኝ። የፈተና ሐሳቤን እንዳትበትንብኝ ብላ ነው የደበቀችው! በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ዛሬም ክትትል ላይ ናት። ሐኪሙ ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ ሕክምናው ይቀልላት እንደነበር ሲነግረን እናትና ልጅ አንተያይም ነበር።

እንግዲህ ምሳሌዋ ሐሰት ናት ማለቴ አይደለም። የሰው ገመና ለመያዝ፣ ስድብን ለማሳለፍ ዛሬም ከእርስዋ የምትሻል አላውቅም። ሕመምንና ኃጢአትን ለመደበቅ ግን አልተሠራችም። ለዚያስ ሐኪምም የንስሐ አባትም ተሰጥቶናል።

ጊዜም ሰውም ያጣሁለት ሌላ ምሳሌ ግን አለ፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»። እንደ ቀልድ ይነገራል፤ በምርቃት ድግስ ላይ ለተመራቂ ምክር ተብሎ ሲሰጥ ሰምቼ ሁሉም ስቋል፤ እኔም ስቄያለሁ። ቀራጩ ዘኬዎስ (ሉቃ. 19) የቆጨው ግን ሳይበላ በመቅረቱ አይደለም፤ የበላውን አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ እንጂ። ከመካከላችን ነገ የመሥሪያ ቤት ማኅተምና የገንዘብ ሣጥን የሚረከቡ አሉ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውንም፣ በዚያው በተግሣጽ በ31ኛው ምዕራፍ በጥበቧና በሥራዋ ከተመሰገነችው ሴት ጋር ማስታረቅ አልቻልሁም፤ የምትችሉ እኅቶችና ወንድሞች ካላችሁ አስረዱኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ከጉባኤ በኋላ በዚህ ላይ ስለምንወያይ እያንዳንዳችን በቤታችን የሚዘወተረውን አንድ አንድ ምሳሌ፣ ማን መቼ እንደሚለውም ጭምር ጠይቀን እንምጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።