ያገገመ ለሚያገግም፦ በወረርሽኝ ወቅት የአእምሮ ጤና የአቻ ለአቻ ድጋፍ

የአእምሮ ሕመም እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት ሁሉ ተከታታይ ክትትል የሚሻ ሕመም ነው። ታማሚው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሲወስድ፣ ከጤና ባለሙያ ጋር በየጊዜው ሲገናኝና በሚኖርበት አካባቢ ክብሩ ሲጠበቅለት የማገገም ዕድሉ ይሰፋል። ማገገም ማለት የሕመሙ ምልክት ፈጽሞ መጥፋት ብቻ አይደለም። ምልክቱ አልፎ አልፎ ቢመለስም እንኳ ሰው ሥራውን እየሠራ፣ ከቤተሰቡና ከዕድርተኛው ጋር እየተሳተፈ መኖር መቻሉ ማገገም ይባላል።

የአቻ ለአቻ ድጋፍ ምንድን ነው?

ከአእምሮ ሕመም ያገገመ ሰው በተመሳሳይ መንገድ ላይ የሚገኝን ሌላ ሰው በማዳመጥ፣ በማበረታታትና ወደ ሕክምና በማቅረብ የሚሰጠው እገዛ ነው። አገራችን ለዚህ እንግዳ አይደለችም። በኤች አይ ቪ መከላከል ሥራ እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራት፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው መድኃኒታቸውን በአግባቡ እንዲወስዱ ረድተዋል። በአእምሮ ጤናም ረገድ የአገልግሎቱ ተጠቃሚዎች የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው ድምፃቸውን ያሰማሉ። በኡጋንዳ መዲና ካምፓላ በሚገኘው ቡታቢካ ሆስፒታል ደግሞ ያገገሙ ሰዎች ሠልጥነው ሌሎች ታማሚዎችን ይደግፋሉ።

በጉራጌ፣ በሶዶ ወረዳ የተካሄደ ጥናትም ጠቃሚ ማስረጃ ይሰጣል። የአካባቢው ነዋሪዎች ሠልጥነው ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ደግፈዋል። ይህ ድጋፍ በጤና ጣቢያ ከሚሰጠው ሕክምና ጋር ሲጣመር፣ ከ12 ወራት በኋላ የታማሚዎቹ የዕለት ተዕለት ኑሮ ችግር ከሕክምናው ብቻ ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል። ሠራተኞቹ የሕመሙ ተሞክሮ ያላቸው አቻዎች ባይሆኑም፣ ከሆስፒታል ውጭ የሚሰጥ ድጋፍ ፍሬ እንዳለው ጥናቱ ያሳያል።

ኮቪድ-19 ምን አስተማረን?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኘውና የአእምሮ ሕክምናም የሚሰጠው የካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ማከሚያ ሆነ። በዚያው ዓመት የቦሌው ሚሌኒየም አዳራሽም ለሕክምና ተዘጋጀ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፤ ታክሲዎችም ከመጫን አቅማቸው በግማሽ እንዲጭኑ ተደረገ። ከአያት፣ ከሰሚት ወይም ከጎሮ ተነሥቶ መርካቶ አቅራቢያ ወደሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለሚመላለስ ሰው መንገዱ ይበልጥ ከበደ። ቀጠሮው ሲያልፍ መድኃኒት ይቋረጣል፤ መድኃኒት ሲቋረጥ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ስለዚህ የታማሚው ድጋፍ በአንድ ሕንፃ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ በቅርቡ ባለ ሰው ላይም መመሥረት አለበት።

በወረርሽኝ ወቅት ድጋፉን እንዴት እናስቀጥል?

1. ቡድኑ በአካል መገናኘት ሲከለከል ወደ ጥንድ ይከፈል። እያንዳንዱ ሰው በታወቀ ቀንና ሰዓት የሚደውልለት አንድ አቻ ይኑረው።

2. በአካል መገናኘት ሲፈቀድ ነፋሻ በሆነ ደጅ፣ የሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት ጠብቆና ጭምብል አድርጎ መሆን ይገባዋል።

3. መድኃኒቱ ከማለቁ አስቀድሞ በአቅራቢያ የሚገኘውን ጤና ጣቢያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማነጋገር ያስፈልጋል። ለረዘም ያለ ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት ሊሰጥ ይችል እንደሆነም ሐኪሙን መጠየቅ ይመከራል።

4. የማገርሸት ምልክቶችን ቀድሞ በጽሑፍ መያዝ ይጠቅማል። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መተው፣ ከሰው መራቅና ያለ ምክንያት ሰውን መጠርጠር ከምልክቶቹ መካከል ይገኛሉ።

5. ጸበልም ሆነ ዱዓ ከሕክምና ጋር ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል፤ መድኃኒትን ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆን ግን አይገባም።

የአቻ ደጋፊው ድርሻ ወሰን

አቻ ደጋፊ የመድኃኒት መጠን አይለውጥም፤ ምርመራም አያደርግም። የሰማውን ምስጢር ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ሕይወትን ለማጥፋት ማሰብን የሚገልጽ ቃል ከሰማ፣ ሰውየውን ብቻውን ሳይተው ለቤተሰቡና ለጤና ባለሙያ ወዲያውኑ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ምክር ለማግኘት በጤና ሚኒስቴር ነፃ መስመር 952፣ አምቡላንስ ለመጥራት በቀይ መስቀል 907 መደወል ይቻላል። ደጋፊው ራሱም ዕረፍትና ክትትል ያስፈልገዋል፤ የደከመ ሰው ሌላውን ሊደግፍ አይችልም።

የቤተሰብና የጎረቤት ኃላፊነት

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይባላል። ታማሚን በቤት ቆልፎ ወይም አስሮ ማስቀመጥ ሰብአዊ ክብሩን ይጎዳል፤ ሕመሙንም ያባብሳል። ቤተሰብ ማድረግ የሚገባው የቀጠሮ ቀን ማስታወስ፣ ስልክ እንዲደውል ማመቻቸትና ደጋፊውን በበጎ ፈቃድ መቀበል ነው። ዕድሮችም በወረርሽኝ ጊዜ የታመሙ አባሎቻቸውን በስልክ እንዲጠይቁ አንድ ሰው ቢመድቡ ብዙዎችን ከብቸኝነት ያድናሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

በሰፈርዎ ወረርሽኝ ቢነሣ የአእምሮ ሕመም ላለበት ጎረቤትዎ በየሳምንቱ የሚደውልለት ማን ነው? መድኃኒቱ የሚገኝበትን ጤና ጣቢያ የሚያውቀውስ ማን ነው? የሁለቱንም ስም ዛሬውኑ ጽፎ በቤት ውስጥ ማስቀመጥ የዚህ ትምህርት የመጀመሪያ ተግባር ነው።