የክንድ ጠባሳና የአይጥ መቅኔ

ለማስተማር ልምምድ ከሰቆጣ ወጣ ወዳለ ት/ቤት በሄድንበት ሳምንት፣ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የክንዷን ጠባሳ እያሳየች «ቢሲጂ የተከተብኩት በጨቅላነቴ ነው፤ ሰውነቴ እስከ ዛሬ እንዴት ያስታውሰዋል?» ብላ ጠየቀችን። እኛም «ነጭ የደም ሴሎች ወታደሮች ናቸው፣ ጀርም ይገድላሉ» ብለን አለፍነው። መልስ አልነበረም። ልጅቷም አልረካችም። ዕዳችንን እዚህ ግድግዳ ላይ እንክፈል።

ቲ ሴል የሚባለው «ወታደር» እኮ ጀርሙን በራሱ አይለይም። የጀርሙን ቁራጭ ይዞ የሚያሳየው ይፈልጋል። አሳዪው ዴንድሪቲክ ሴል ይባላል፤ እንደ ግራር ቅርንጫፍ የተዘረጉ እጆች አሉት። ራልፍ ስታይንማንና ዛንቪል ኮን በ1973 እ.ኤ.አ. ከአይጥ ጣፊያ ለይተው አስታወቁት። ሥራው እንደ ፍየል እረኛ ነው፤ ጅብ ሲያይ ወደ መንደር ሮጦ ይጮኻል። መንደሩ ብብትና ብሽሽት ውስጥ ያለው ዕጢ ነው። እግራችን ሲቆስል ንፍፊት የሚወጣብን ለካ እዚያ ስብሰባ ተቀምጠው ነው!

ሴሉ በጣፊያ ውስጥ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ለጥናት አስቸገረ። በ1992 እ.ኤ.አ. ካዮ ኢናባና ባልደረቦቿ ከአይጥ መቅኔ በብዛት ማሳደግ እንደሚቻል አሳዩ። የፍየል ቅልጥም የመጠጠ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። የአይጡ የጭን አጥንት ጫፍና ጫፉ ተቆርጦ መቅኔው በስሪንጅ ፈሳሽ ታጥቦ ይወጣል። ከዚያ ጂኤም ሲኤስኤፍ የተባለ አሳዳጊ ፕሮቲን ተጨምሮበት በ37 ዲግሪ ሙቀት ይቀመጣል፤ ምግቡ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይታደሳል። በሳምንት ገደማ ሴሎቹ ይደርሳሉ።

ዋናው ትምህርት ግን ከዚህ በኋላ ነው። የባክቴሪያ ግድግዳ ቁራጭ ሲጨመርባቸው ይነቃሉ፤ ከቲ ሴል ጋር ሲቀላቀሉም ቲ ሴሎቹ እየተከፈሉ ይባዛሉ። ቲ ሴሉ አስቀድሞ ቀለም ከተቀባ፣ በተከፈለ ቁጥር ቀለሙ በግማሽ ስለሚቀንስ ስንት ጊዜ እንደተከፈለ ይታወቃል። ያልነቃ ዴንድሪቲክ ሴል ቁራጩን ቢያሳይ ግን ቲ ሴሉ ጀርሙን ችላ ማለት ሊማር ይችላል። እረኛው ጅብ አይቶ ካልጮኸ ማን ይነሳል? ቢሲጂ የተዳከመ ሕያው ባክቴሪያ ስለሆነ ጩኸቱን ይዞ ይገባል።

አገራችንም ለዚህ ጥናት ባዳ አይደለችም። በ1962 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የተነሳው ከሥጋ ደዌ ነው። በአንዱ ዓይነት ሥጋ ደዌ ቲ ሴሎች ለጀርሙ ብርቱ መልስ ስለሚሰጡ ጀርሙ ጥቂት ነው፤ በሌላው ዝም ስለሚሉ ጀርሙ ቆዳ ውስጥ ይፈላል።

ወደ ልጅቷ ስንመለስ፦ የሚያስታውሰው ጠባሳው አይደለም። ከተባዙት ቲ ሴሎች ብዙዎቹ ይሞታሉ፣ ጥቂቶቹ ለዓመታት ይቆያሉ። ይህንንም አንደብቃት፦ ቢሲጂ በተለይ ሕፃናትን ከከባድ የቲቢ ዓይነቶች ይጠብቃል እንጂ የዕድሜ ልክ ዋስትና አይደለም። ስለዚህ ሳል ሁለት ሳምንት ከቆየባት፣ ጠባሳ አለኝ ብላ ቤት እንዳትቀመጥ፤ ጤና ጣቢያ ትሂድ።