ከበረዶና ከትነት መካከል፦ የአቢጃታ ሐይቅ የውሃ ሒሳብ

ከኩየራ ተነሥቶ በአርሲ ነገሌ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ተቀራርበው የተኙ አራት ሐይቆችን ያገኛል፤ እነርሱም ሻላ፣ አቢጃታ፣ ላንጋኖና ዝዋይ ናቸው። ከ10,000 ዓመታት ገደማ በፊት፣ የአየር ጠባዩ ከዛሬው እጅግ እርጥብ በነበረበት ዘመን፣ አራቱ አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ትርፍ ውሃውም ወደ አዋሽ ይፈስስ ነበር። ዛሬ ግን ጠባያቸው የተለያየ ነው። ይህ ጽሑፍ ልዩነቱ ከምን እንደ መጣና አቢጃታ ለምን ከሁሉ ይልቅ እንደ ተጎዳ ይመረምራል።

የመርጋትና የመትነን ሕግ

ንጹሕ ውሃ ከፍተኛ እፍግታ የሚኖረው በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚህ በታች ሲቀዘቅዝ መልሶ ስለሚቀልል በብርድ አገር ሐይቅ የሚረጋው ከላይ ነው፤ በረዶው ተንሳፍፎ ከሥሩ ላለው ሕይወት እንደ ክዳን ያገለግላል። በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው ስፍራ የባሌ ተራሮች የሳነቴ አምባ ነው፤ በ4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በበጋ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች ገጽ በስስ በረዶ ይሸፈናል፤ ፀሐይ ስትወጣም ይቀልጣል።

በስምጥ ሸለቆው ወለል ግን ሐይቆቹ ከ1,550 እስከ 1,640 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ለመርጋት አይደርሱም። የሌሊቱ ቅዝቃዜ የላይኛውን ውሃ አክብዶ ወደ ታች ያሰምጠዋል እንጂ አያረጋውም። የእነዚህን ሐይቆች ዕጣ የሚወስነው ትነት ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ሲረጋ 334 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይለቅቃል፤ ያው ውሃ ለመትነን ግን ወደ 2,450 ኪሎ ጁል፣ ማለትም ከሰባት እጥፍ በላይ፣ ይፈልጋል። ብርቱ ፀሐይ፣ ደረቅ አየርና የማያቋርጥ ነፋስ ባለበት በዚህ ሸለቆ ሙቀቱ ስለማይጓደል፣ ሐይቆቹ በየዓመቱ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ የውሃ ንጣፍ በትነት ያጣሉ። በቀጥታ የሚወርድባቸው ዝናብ ከዚህ የሚመልሰው ጥቂቱን ብቻ ነው።

የመጨረሻው ተቀባይ

ዝዋይ ከመቂና ከከታር ወንዞች ውሃ ይቀበላል፤ ትርፉን በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይልካል። ላንጋኖም በሆራ ቀሎ በኩል እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ሁለቱ ጨዋቸውን እያጠቡ ያስወጣሉ። አቢጃታ ግን መውጫ የለውም፤ የሚተንነው ውሃ ንጹሕ በመሆኑ ጨውና ሶዳው በሐይቁ ይቀራሉ።

መውጫ የሌለው ሐይቅ ስፋቱን የሚያስተካክለው በገቢው ልክ ነው። ለምሳሌ ዓመታዊ ትነት 2 ሜትር፣ ዝናብ ደግሞ 0.6 ሜትር ቢሆን የተጣራው ኪሳራ 1.4 ሜትር ነው። 200 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ባለበት እንዲቆይ በዓመት 280 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይፈልጋል። ገቢው በግማሽ ቢቀንስ ሐይቁ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር እስኪሆን ድረስ መሸሹን አያቆምም፤ ሚዛኑ የሚገኘው በዚያ ስፋት ብቻ ነውና።

በአቢጃታ የታየውም ወደዚህ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋ የነበረው ሐይቅ ከዚያ ወዲህ ከግማሽ በታች የወረደባቸው ዓመታት አሉ። ከመቂ፣ ከከታርና ከዝዋይ ለመስኖ የሚቀዳው ውሃ እየበዛ ሲሄድ የቡልቡላ ፍሰት ቀነሰ። ከ1980ዎቹ ጀምሮም ሶዳ አሽ ለማምረት የሐይቁ ውሃ በቀጥታ እየተሳበ በኩሬዎች እንዲተንን ተደረገ። የዝናብ መዋዠቅም የራሱን ድርሻ ጨመረ።

ጎረቤቱ ሻላ ደግሞ መውጫ ባይኖረውም እንዲህ አልሸሸም። ጥልቀቱ 266 ሜትር የሚደርስና ዳርቻው ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ውሃው አንድ ሜትር ቢወርድ የሚገለጠው መሬት ጥቂት ነው። አቢጃታ ግን ሜዳማ ወለል ላይ የተዘረጋና ከ14 ሜትር እምብዛም ያልበለጠ ጥልቀት የነበረው በመሆኑ፣ ጥቂት የውሃ መውረድ ሰፊ ዳርቻን ያደርቃል።

የሚጠፋው ምንድን ነው?

የአቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በተለይ ለአዕዋፍ ጥበቃ ነው። ፔሊካኖች በሻላ ደሴቶች ላይ ይፈለፈላሉ፤ ሻላ በቂ ዓሣ ስለሌለው ምግባቸውን ይፈልጉ የነበረው በአቢጃታ ነበር። ውሃው ሲያንስ ጨዋማነቱ በርትቶ ዓሣው ተመናመነ፤ ወፎቹም ርቀው ለመብረር ተገደዱ። የሐይቁ መሸሽ የገለጠው መሬት ደግሞ ሶዳ የበዛበት ስለሆነ ለእርሻ አይመችም፤ ነፋስም አቧራውን ያነሣዋል።

ማጠቃለያ

ትነትን መከልከል አይቻልም፤ ሰው የሚወስነው በገቢው ላይ ነው። የዝዋይ ውሃ ሲከፋፈል አቢጃታ እንደ አንድ ባለ ድርሻ ካልተቆጠረና በቡልቡላ በኩል የሚለቀቅለት ዝቅተኛ መጠን ካልተወሰነ፣ ከላይ የሚሰጥ እያንዳንዱ የመስኖ ፈቃድ ከታች በሐይቁ ስፋት ይከፈላል። በምሥራቅ ኦሮሚያ የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ መድረቁ ሒሳቡ እስከ መጨረሻው ሲደርስ ምን እንደሚመስል አሳይቷል። ሐረማያ በኋላ ውሃ መልሶ መያዙ ደግሞ ገቢው ሲመለስ ሐይቅም ሊመለስ እንደሚችል ያስረዳል።