ምዕራፍ ሰባት፦ ማዕድ የሚባረከው ገበያ ላይ ነው

ሐዋሳ ውስጥ ማዕዱን ሳይባርክ የሚጎርስ ሰው ብዙ አይገኝም። ከገብርኤል የተመለሱት እናት ያማትባሉ፤ ከመካነ ኢየሱስ ወይም ከቃለ ሕይወት የወጣው ወጣት ዓይኑን ይጨፍናል። ይህን አልነቅፍም፤ እኔም አደርገዋለሁ። የምነቅፈው ሰዓቱን ነው። ጸሎታችን የሚደርሰው ሚዛኑ ካታለለ፣ ዘይቱ ከጠቆረ፣ ዓሣው ከተጠበሰ በኋላ ነው። ለሦስተኛ ቀን የተቃጠለውን ዘይት መድኃኒት አድርግልኝ ብሎ መለመን ከእምነት ይልቅ ስንፍና ይመስለኛል። ምርቃቱ ዘምቢል ይዘው ከቤት ሲወጡ ይጀምር።

የሠፈራችንን እትዬ ታሪክ ላስቀድም። ስማቸውን አልጠራም፤ ቢያውቁብኝ ቡናቸውን ይከለክሉኛል። እትዬ ስኳር ከተገኘባቸው ዓመታት አልፈዋል፤ 55 ቀን የሚዘልቀውን ዐቢይ ጾም ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾሙ ነበር። ግሊቤንክላማይድ የምትባለውን ኪኒን ጠዋት በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጠው ወደ ቅዳሴ ይሄዳሉ። ይህች ኪኒን ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ትገፋለች፤ ሆድ ውስጥ እህል ይኑር አይኑር አትጠይቅም። አንድ ዓርብ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩ ላይ ላብ አጠመቃቸው፤ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ያመጣቸው ባጃጅ ነጂ «እማማ ጠጥተዋል እንዴ?» አለ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ጠላ እንኳን በቅጡ ያልጠጡ ሴት! ስኳር ሲወርድ ሰው የሰከረ እንደሚመስል የምታውቅ አንዲት ጎረቤት ባትደርስና ስኳር በጥብጣ ባታጠጣቸው ኖሮ ይህን ምዕራፍ የምጽፈው በሌላ ስሜት ነበር።

ማታ የነፍስ አባታቸው መጡ። «ልጄ፣ ለታመመ ሰው ማን ጹም አለው?» አሉ። እትዬ አለቀሱ። ለዓመታት ኪኒኗን ከነፍስ አባታቸው፣ ጾሙን ከሐኪማቸው ደብቀው ኖረዋል፤ ሁለቱም ቢያውቁ ኖሮ ሁለቱም ይከለክሏቸው ነበር። ስለዚህ ስኳር፣ ግፊት ወይም ሌላ የዘወትር መድኃኒት ያለብዎት ከሆነ ዘወረደ ከመግባቱ በፊት ሁለቱንም ያነጋግሩ፤ ለአንዱ የነገሩትን ከሌላው አይደብቁ። የመድኃኒቱን ሰዓትም መጠንም በራስዎ አይለውጡ።

የታሪኩ ሁለተኛ ገጽ ደግሞ የዘጠኝ ሰዓቱ ማዕድ ነው። እትዬ ጾሙን የሚገድፉት በሁለት ሳምቡሳ፣ በነጭ ዳቦና አራት ማንኪያ ስኳር በገባበት ሻይ ነበር። ጠዋት የወረደው ስኳር ከሰዓት ጣሪያ ይነካል። «የጾም ነው እኮ» ይሉኛል። አዎ፣ የጾም ነው። የረጋው የፓልም ዘይትም የጾም ነው፤ ነገር ግን ከቅባቱ ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ የሚረጋው፣ ለልብ የማይመከረው ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። የጾም ኬክ፣ የጾም ማኪያቶ፣ የጾም በርገር የሚል ማስታወቂያ ያልሰቀለ ካፌ ማግኘት እየከበደ ነው። አባቶቻችን በጾም የተረፈውን ለነዳይ ይሰጡ ነበር፤ እኛ ከፍስኩ የሚበልጥ ሒሳብ ከፍለን እንወጣለን። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58ን ላነበበ ሰው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም።

ይህን ሲያነቡ ጴንጤ ወዳጆቼ ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ። ቆዩኝ፤ ወደ እናንተ እየመጣሁ ነው። አልኮል አይነካም በሚባልበት የሠርግ አዳራሽ የለስላሳ ሣጥን እስከ ጣሪያ ይደረደራል። አንዱ የኮላ ጠርሙስ ወደ 30 ግራም ስኳር ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም አይለፍ፣ ከ25 ቢያንስ ደግሞ ይመረጣል ይላል። ሁለት ጠርሙስ የጨረሰ ወንድም ሰው ባያሳፍርም ቆሽቱን አሳፍሯል። ሥጋችሁ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው የሚለው ስብከት ለሲጋራ ብቻ የተጻፈ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል እንውረድ፤ የሐዋሳ ሰው ምግቡን በዓይኑ እያየ የመምረጥ ዕድል ያለው እዚያ ነው። ጠዋት ታንኳዎቹ ሲጠጉ ይሂዱ። አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው ሆድ ዕቃ ሲጠብቁ ያገኟቸዋል። የዓሣው ዓይን የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። ከዚያ የትኛውን ዓሣ?

የእኔ ምርጫ ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ በአብዛኛው የውኃ ውስጥ ጥቃቅን ዕፅዋት ስለሚበላ ንጹሕ ሥጋ አለው። ትልልቁ ቢልጫ ሌሎች ዓሦችን ይበላል፤ ተመራማሪዎች በሐዋሳ ሐይቅ ትልልቅ ቢልጫዎች ሥጋ ውስጥ ከፍ ያለ ሜርኩሪ አግኝተዋል። ሜርኩሪ ትንሹን በበላው ትልቅ ዓሣ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ነፍሰ ጡር ሴትና ሕፃን ትልቁን ቢልጫ ይተዉት። አምባዛ ደግሞ የክርክር ዓሣ ነው። ቅርፊት የለውምና ዘሌዋውያን 11ን ይዘው የማይነኩት ብዙ ናቸው፤ ሌላው የሐዋርያት ሥራ 10ን ይጠቅሳል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም ሲገናኙ ወጡ ይቀዘቅዛል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ 8ኛ ምዕራፍ የጻፈው ለእንዲህ ያለው ጠረጴዛ ነው፦ የወንድምህን ሕሊና አታቁስል። የሚበላው በማይበላው ፊት አያስጎምጅ፤ የማይበላውም በሰው ሳህን ላይ አይስበክ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ለሚለውም የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ፤ እኔ ያንን ገመድ አልጎትትም።

ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚወዱ እንግዶቻችን ይቆጡኝ፤ አልመክርም። በሐይቁ ዓሦች ውስጥ ጥገኛ ትላትል መኖራቸው በጥናት ታይቷል። ዳጣ ምላስን ያቃጥላል እንጂ ትል አይገድልም፤ ሎሚም እንዲሁ። ትሉን የሚገድለው እሳት ነው፤ ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን ማቀዝቀዝ፤ መብራት ሄዶ በሚመጣበት ቤት ይህን የሚያደርግ ፍሪጅ ካለ ያሳዩኝ።

እነሆ የምወደው መላ። ቆጮ ከምትሸጠው ሴት አንድ ሰፊ የኮባ ቅጠል ይለምኑ፤ ቆጮውን ጠቅልላ የምታመጣው በዚያ ስለሆነ አይጠፋትም። ቅጠሉን ፍም ላይ ወዲያ ወዲህ አድርገው ያለዝቡት፤ ሲያብረቀርቅ ደርሷል፤ ሲታጠፍም አይሰበርም። ቅርፊቱ የተፋቀ ሙሉ ቆሮሶ ጎኑን ሦስት ቦታ ይብጡት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወቅጠው፣ ሎሚ ጨምቀው፣ ቁንጥር ጨው ጨምረው ብጣቱ ውስጥ በጣት ያስገቡ። ከሥሩ የተከተፈ ጎመን፣ ከላዩ የተሰነጠቀ ቃሪያ። ጠቅልለው በቃጫ ይሰሩት፤ ነበልባሉ ባለፈበት ፍም ላይ አንዱን ጎን አሥር፣ ሌላውን አሥር ደቂቃ ያህል ያቆዩ። ሲከፍቱት ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ በራሱ ከተላቀቀ በስሏል፤ ካልተላቀቀ ይመልሱት። አንድ ጠብታ ዘይት የለበትም። ከቆጮ ጋር ሲቀርብ ደግሞ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ ቆጮ ኃይል ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን እጅግ ትንሽ ነው። በጾም የዓሣውን ቦታ የተቀቀለ ቦሎቄ ይተካል።

በሌላውም ማዕድ ጨው ይቀንሱ። ምስር ላይ ሎሚ ይጭመቁ፤ ብረቱን ሰውነት በተሻለ የሚወስደው በዚያ ነው፤ ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያርቁት። ረጅም ጾም ለሚጾም ሰው ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ከእህልና ከአትክልት እንደማይገኝ ሐኪም ያስታውሰው።

ገበያው ላይ አንድ ነገር ይቀረናል። አንድ ቅዳሜ ጎኔ የቆመ ሰውዬ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ፣ ዓሣ ከሚበልት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጋር በጥቂት ብር ሲከራከር አየሁ። የልጁ ጣቶች በቅርፊትና በቢላ ተቆራርጠዋል። ሰውዬው ያንኑ ዓሣ ሆቴል ውስጥ ቢያዝዘው ስንት እጥፍ ከፍሎ ጉርሻ ጨምሮ ይወጣል። የሠራተኛ ደመወዝ ሲቀማ ይጮኻል ያለው ያዕቆብ ስለ ባለርስቶች ብቻ አይመስለኝም። ከመዳፍ የማይበልጥ ቆሮሶም በርካሽ ሲቀርብልዎት አይግዙ፤ ያልወለደ ዓሣ ነው፤ የመረቡ ዓይን የሚጠብበው ገዢ ስላለ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ የገዢ ዘምቢል ግን ከአዋጅ ይፈጥናል። ሐይቁም መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውኃ ያመጣው፣ ከተማው የጣለው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ፌስታልዎን ይዘው ይመለሱ።

እትዬ አሁን ደህና ናቸው። ሐኪማቸው መድኃኒታቸውን ቀይሮላቸዋል፤ የነፍስ አባታቸው ደግሞ ቁርሳቸውን እንዲበሉ፣ በጾሙ ፈንታ በየሳምንቱ ለአንዲት አሮጊት ምሳ እንዲያደርሱ ቀኖና ሰጥተዋቸዋል። እኔን ግን ይጠረጥሩኛል። ባለፈው ጎመንና ቦሎቄ በኮባ ጠቅልዬ ብወስድላቸው ቃጫውን ፈትተው አገላበጡና፦

«ዓሣውስ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ዓርብ እኮ ነው።»

«አንተን ልፈትን ብዬ ነው» አሉና ቦሎቄውን አንድ በአንድ መልቀም ጀመሩ።