የኮሪያ ቋንቋ ለነጋዴ፤ መያዝ፣ ማምጣትና መግባት የሚባሉት ግሦች

ነጋዴ በሒሳብ መዝገቡ ላይ አንድ ቁጥር ቢሳሳት ሚዛኑ ስለሚዛባ ስሕተቱ ቶሎ ይታወቀዋል። በባዕድ ቋንቋ አንድ ፊደል ቢሳሳት ግን ጉዳቱ የሚገለጸው ብዙ ጊዜ ዕቃው ከተጫነ ወይም ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው።

የቃኘው ሻለቃ ጦር ቡሳን ወደብ የደረሰው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን፤ ኢትዮጵያና የኮሪያ ሪፑብሊክ የዲፕሎማቲክ ግንኙነት የመሠረቱት በ1956 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ቡና ወደ ኮሪያ ይሄዳል፤ መኪና፣ ማሽንና የኤሌክትሪክ ዕቃም ከኮሪያ ይመጣል። የውሉ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም፤ የኮሪያው ሻጭ ከባልደረባው ጋራ ስለ ዋጋና ስለ ዕቃ የሚመካከረው በገዛ ቋንቋው ነው። ስለዚህ ከግሦቹ መካከል ለንግድ የሚያስፈልጉትን ጥቂቶቹን ማወቅ ትርፍ ድካም አይደለም።

የአማርኛ ተናጋሪ በዚህ ትምህርት ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም። በኮሪያኛም እንደ አማርኛ ግሡ ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቀመጣል። ከዚህም በላይ «ይዞ መጣ»፣ «ይዞ ሄደ» እንደሚባለው፤ ኮሪያኛም ሁለት ግሦችን አያይዞ ይናገራል። ጋጂዳ መያዝ፣ ኦዳ መምጣት፣ ጋዳ መሄድ ማለት ነው። ከእነዚህም ጋጀኦዳ፣ ይኸውም ይዞ መምጣት ወይም ማምጣት፤ ጋጀጋዳ፣ ይኸውም ይዞ መሄድ ወይም መውሰድ፤ ይገኛሉ።

የመጀመሪያው መሰናክል ያለው ከዚሁ ላይ ነው። በአማርኛ አንድ ሰው ከወዲያ ሲጠራ «መጣሁ!» ብሎ ይመልሳል። ኮሪያዊው ግን «ጋዮ»፣ ማለትም «እሄዳለሁ» ይላል፤ ኦዳ የሚባለው ተናጋሪው ወዳለበት ስፍራ ለሚደረግ ጉዞ ነውና። እንደዚሁም የኮሪያው ሻጭ ናሙናውን ወደ ገዢው ሱቅ ለማምጣት ሲያስብ «ጋጀጋልኬዮ»፣ ቃል በቃል «ይዤ እሄዳለሁ» ይላል። ይህን ያላወቀ ገዢ ናሙናው ሊወሰድበት እንደሆነ ቈጥሮ ሊከፋ ይችላል፤ ሰውዬው ግን ሊያመጣለት ቃል መግባቱ ነበር።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ስለ ሰው ክብር ነው። አማርኛ «አመጣ» የሚለውን ቃል ለዕቃም ለሰውም ይጠቀምበታል፤ አክብሮቱን የሚያሳየው «አመጣሁት» በማለትና «አመጣኋቸው» በማለት ነው። በኮሪያኛ ግን ግሡ ራሱ ይለወጣል። ጋጀኦዳ ለዕቃ ብቻ ነው። ለሰው ዴርየኦዳ ይባላል፤ በዕድሜ ወይም በማዕርግ ለሚከበር ሰው ደግሞ ሞሸኦዳ ይባላል። አንድ አስመጪ የኮሪያውን ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ከአውሮፕላን ማረፊያ ስለ ማምጣት ሲናገር ጋጀኦዳ ቢል፤ እንግዳውን ከሣጥን እንደ መቍጠር ያህል ነው።

ስለ መሸከምም ቋንቋው እንደ አማርኛ ዝርዝር ቃላት አሉት። በእጅ አንሥቶ መያዝ ድልዳ፣ በጀርባ መሸከም ጂዳ፣ በትከሻ መሸከም ሜዳ፣ በራስ ላይ መሸከም ኢዳ ይባላል። ልጅ ማዘል ኧፕታ፣ ማቀፍ አንታ ነው። በመኪና ወይም በመርከብ መጫን ሺታ ይባላል። ስለዚህ ዕቃው እንዲጫንለት የሚፈልግ ሰው ድልዳ በሚለው ግሥ ቢያዝዝ፤ ተሸካሚው ዕቃውን በእጁ አንሥቶ ሊቆም ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ነጋዴ ሊያጠናው የሚገባው ይኸው ድልዳ የሚባለው ቃል ነው። በድምፅ አንድ ቢሆንም፤ ከማንሣት ሌላ መግባት የሚል ትርጕምም አለው። ከኦዳ ጋራ ሲጣመር ድረኦዳ፣ ይኸውም ወደዚህ መግባት፤ ከጋዳ ጋራ ሲጣመር ድረጋዳ፣ ይኸውም ወደዚያ መግባት ይሆናል። ባለሱቁ «ሙልገኒ ድረዋሰዮ» ሲል «ዕቃ ገብቷል» ማለቱ ነው።

አሁን ስለ ገንዘብ እንመልከት። ዶን ማለት ገንዘብ ነው። «ዶኒ ድረዋሰዮ» ቢባል «ገንዘብ ገባ» ማለት ነው፤ ይህ ገቢ ነው። «ዶኒ ድረሰዮ» ቢባል ግን፤ ምንም እንኳ ግሡ መግባት የሚለው ቢሆን፤ «ገንዘብ ወጣበት» ማለት ነው። ኮሪያዊው ገንዘቡን የሚያየው ከኪስ ሲወጣ ሳይሆን ወደ ጉዳዩ ሲገባ ነው፤ አማርኛም ብዙ ወጪ የጠየቀውን ሥራ «ገንዘብ ፈሰሰበት» እንደሚለው ነው። እንግዲህ ገቢንና ወጪን የሚለያቸው «ዋ» የምትባል አንዲት ፊደል ናት። አንድ ጸሐፊ የ1,000 ብር ወጪን በስሕተት ገቢ ብሎ ቢመዘግብ፤ ቀሪ ሒሳቡ የሚሳሳተው በ1,000 ብር ሳይሆን በ2,000 ብር ነው።

በመዝገብ ቃል ግን ኮሪያኛና አማርኛ ይገናኛሉ። ሱኢፕ ገቢ፣ ጂቹል ወጪ ነው። ደግሞም ሱኢፕ የሚለው ድምፅ ከውጭ አገር ዕቃ ማስገባትንም ያመለክታል፤ ወደ ውጭ መላክ ሱቹል ነው። በአማርኛም «ገቢ» ለገንዘቡም፣ «ገቢ ንግድ» ተብሎ ለዕቃውም ይነገራል። በሁለቱም ቋንቋ የትኛው እንደ ታሰበ የሚታወቀው ከንግግሩ አካሄድ ነው።

ይኸው ግሥ በግብይት ጊዜ በሌላ መልክም ይሰማል። ገዢው ናሙናውን አይቶ «ማእሜ ድረዮ» ቢል፤ ቃሉ «ልቤ ውስጥ ይገባል» ነው። በአማርኛ «ገባኝ» ማለት «ተረዳሁ» ስለ ሆነ፤ ሰውዬው ማብራሪያውን የተረዳ ብቻ ሊመስል ይችላል። እርሱ ግን «ወደድሁት» ማለቱ ነው፤ ስለዚህ ዋጋ ለመነጋገር ጊዜው ደርሷል። መረዳቱን ሊገልጽ ቢፈልግ «አልጌሰዮ» ይል ነበር። ዋጋ እንዲቀነስ ተጠይቆ «ሂምድረዮ»፣ ይኸውም «አስቸጋሪ ነው» ቢል ደግሞ፤ ብዙ ጊዜ በጨዋነት «አይሆንም» ማለት ነው።

መልመጃ። አንባቢው መልሱን ከማየቱ በፊት የሚከተሉትን ለራሱ ይመልስ።

1ኛ፤ ሻጩ «ጋጀጋልኬዮ» ቢል ናሙናው ወዴት ይሄዳል?
2ኛ፤ «ዶኒ ድረሰዮ» በመዝገቡ በየትኛው ዓምድ ይጻፋል?
3ኛ፤ የተከበረ እንግዳ ስለ ማምጣት የሚነገረው በየትኛው ግሥ ነው?

መልስ። 1ኛ፤ ወደ ገዢው። 2ኛ፤ በወጪ ዓምድ። 3ኛ፤ ሞሸኦዳ በሚለው።

ቃላቱን በቃል የያዘ ነጋዴም ቢሆን፤ ስለ ገንዘብ የሰማውን ሁሉ «ገቢ ነው ወይስ ወጪ?» ብሎ ደግሞ መጠየቅና ቁጥሩን በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባዋል። ጥያቄው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ የተሳሳተ ሒሳብ ግን ለረጅም ዘመን የቆየ ደንበኝነትን ሊያፈርስ ይችላል።