ለግቢ ባቡር የጭነት ፉርጎ አመራረጥ

በ45 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄዱ ትልልቅ የባቡር ሞዴሎች የተሠሩት ለግቢ ነው። በጠረጴዛ ላይ የሚዘረጉት ትንንሾቹ ሞዴሎች አቧራና ዝናብ አይችሉም፤ እነዚህ ግን በሣርና በአበባ መደብ መካከል ይነዳሉ። እንደ ሐዋሳ ሰፋ ያለ ግቢ በሚገኝበት ከተማ ለጀማሪ የሚስማማው ይህ መጠን ነው። ሎኮሞቲቭ አንድ ቢሆን ይበቃል፤ ፉርጎ ግን አንድ ስለማይበቃ ውሎ አድሮ ብዙው ገንዘብ የሚወጣው በፉርጎ ላይ ነው። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙንና ጽሑፉን ነው። መታየት ያለበት ግን ከታች ያለው ክፍል ነው።

ከግዢ በፊት የሚወሰነው የትኛው ባቡር እንደሚሠራ ነው። ኢትዮጵያ ሁለት ዓይነት ሐዲድ ታውቃለች። ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. መዘርጋት ጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ የገባው የ784 ኪሎሜትር አሮጌ መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ 1.435 ሜትር ይሰፋል። ሒሳቡ ለሞዴል ሠሪ የተመቸ ነው፤ 1,000 ሚሊሜትር ለ22.5 ሲካፈል 44.4፣ 1,435 ሚሊሜትር ለ32 ሲካፈል 44.8 ይመጣል። ስለዚህ ያው የ45 ሚሊሜትር ሐዲድ አሮጌውን ባቡር በ1፡22.5፣ አዲሱን በ1፡32 ስኬል በትክክል ይሸከማል።

ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። በሳጥኑ ላይ የሚታተመው «ጂ» የሚለው ፊደል ከሐዲዱ ስፋት በቀር የሚናገረው ነገር የለም፤ በዚያው ፊደል ሥር ከ1፡20.3 እስከ 1፡32 ያለው ሁሉ ይሸጣል። ኤልጂቢ የተባለው የጀርመን ምርት እ.ኤ.አ. በ1968 ለገበያ ሲቀርብ የተነሣው ከሜትር ሐዲድ፣ ከ1፡22.5 ነበር። ከአሜሪካ የሚመጡት ትልልቅ ዝግ ፉርጎዎች ብዙዎቹ 1፡29 ናቸው፤ ለ45 ሚሊሜትር ሐዲድ ትንሽ ይገዝፋሉ። ጥርጣሬውን የሚፈታው የፉርጎው በር ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው በ1፡22.5 ሲቀነስ 7.6 ሳንቲሜትር፣ በ1፡32 ደግሞ 5.3 ሳንቲሜትር ይሆናል። በዚህ ቁመት ካርቶን ቆርጦ ከበሩ ጋር ማስተያየት ነው፤ የካርቶኑ ሰው ጎንበስ ሳይል የማይገባ ከሆነ ስኬሉ ሌላ ነው።

ቀጥሎ የፉርጎው ዓይነት ይመረጣል። የአሮጌውን መስመር መልክ የሚፈልግ ሰው አጫጭር ባለሁለት ዘንግ ፉርጎዎችን ቢይዝ ይሻላል፤ ቡናና ቆዳ የሚጭን ዝግ ፉርጎ፣ ክፍት ፉርጎ፣ አንድ ቦቴ። የእውነተኞቹን መልክ ለማጥናት የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያና ጋራዥ ከማንኛውም ካታሎግ ይበልጣል። አዲሱን መስመር የሚሠራ ሰው ኮንቴይነር የሚሸከም ጠፍጣፋ ፉርጎና የነዳጅ ቦቴ ያስፈልገዋል። ሐዋሳ ራሷ ሐዲድ የላትም። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርኳ ልብስ በኮንቴይነር ወደ ውጭ ይልካል፣ የሲዳማ ቡናም ወደ ጅቡቲ የሚወጣው እንዲሁ ነው። በግቢ ውስጥ ሐዲዱን ከሞጆ ሐዋሳ ድረስ ለማምጣት ማንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ የሞዴል አንዱ ደስታ ይህ ነው።

የፉርጎው ርዝመት ከሐዲዱ መታጠፊያ ጋር መስማማት አለበት። ባለ40 ጫማ ኮንቴይነር በ1፡32 ርዝመቱ 38 ሳንቲሜትር ነው፤ የሚሸከመው ፉርጎ ከማያያዣዎቹ ጋር ከ40 ያልፋል። የመታጠፊያው ሬዲየስ ቢያንስ ከረጅሙ ፉርጎ ሁለት እጥፍ ተኩል፣ ቢቻል ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ከጀማሪ ሳጥን ጋር የሚመጣው ሐዲድ ብዙ ጊዜ ሬዲየሱ 60 ሳንቲሜትር ነው። በዚህ ላይ አጭር ባለሁለት ዘንግ ፉርጎ ይዞራል፤ ባለ42 ሳንቲሜትሩ ግን በአንድ በኩል ወጥቶ በሌላው ገብቶ ያስቀይማል፣ ወይም ከሐዲዱ ይወርዳል። ለእሱ 1.20 ሜትር ግድም ሬዲየስ ይፈለጋል፤ ሙሉ ክብ ከሆነ ወደ 2.5 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ማለት ነው። ስለዚህ ሜትሩ የሚዘረጋው ከሱቅ በፊት በግቢ ውስጥ ነው።

ጥሩው ፉርጎ ከመጥፎው የሚለየው በጎማው ነው። የፕላስቲክ ጎማ ሐዲዱን ያቆሽሻል፤ ሐዲዱ ሲቆሽሽ ኤሌክትሪኩ ወደ ሎኮሞቲቩ መድረሱ ይቆራረጣል። የብረት ጎማ ክብደቱም ከታች ስለሆነ ፉርጎውን ያረጋዋል። ገዢው ፉርጎውን ገልብጦ ዘንጉን በጣት ማሽከርከር አለበት። ጥፍር ወደ ጎማው ጠርዝ አስጠግቶ ሲታይ ክፍተቱ አንዴ ሰፍቶ አንዴ ከጠበበ ጎማው ተጣሟል። ከዚያ በካሊፐር የሁለቱ ጎማዎች የውስጥ ርቀት ይለካል፤ 40 ሚሊሜትር አካባቢ መሆን፣ በሁሉም ዘንጎች ላይም እኩል መሆን ይኖርበታል። አንዱ ዘንግ ከሌሎቹ ከጠበበ ፉርጎው በቀጥታ ሐዲድ ላይ ደህና ሄዶ የሐዲድ ማቀያየሪያ ላይ ሲደርስ ይወጣል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በሐዲዱ ያሳብባል።

የብረት ጎማ አንድ ተጨማሪ ምርመራ አለው። በአንድ ዘንግ ላይ ያሉት ሁለቱ ጎማዎች በኤሌክትሪክ መገናኘት የለባቸውም፤ ከተገናኙ ሁለቱን ሐዲዶች ሾርት ያደርጋሉ። ቴስተር ሲደረግባቸው መጮህ የለበትም። ኤሌክትሪክ ከሐዲድ ሳይሆን ከባትሪ ለሚጠቀም ባቡር ይህ አያሳስብም፤ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ባትሪው ራሱን የቻለ ምክንያት አለው።

የመጨረሻው የጎማና የዘንግ ፈተና ጣውላ ብቻ ይፈልጋል። አንድ ሜትር ጣውላ ላይ ሐዲድ ተገጥሞ ፉርጎው ይቀመጥበታል፣ የጣውላው አንድ ጫፍም ቀስ እያለ ይነሣል። ጫፉ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ሲነሣ ፉርጎው ሳይገፋ ከተንከባለለ ጥሩ ነው። አምስት ሳንቲሜትር ድረስ ተጣብቆ የሚቀር ፉርጎ ዳገት ላይ ሎኮሞቲቩን ያደክማል። ባለኩሽኔታ ዘንግ ቀሎ ይሄዳል፤ ዋጋው ግን ከፍ ስለሚል ረጅም ባቡር ለሚጎትት ሰው እንጂ ለሦስት ፉርጎ አስፈላጊ አይደለም። የሐዋሳ አፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ ሻካራ ብናኝ ስላለበት ኩሽኔታውም ሆነ ተራው የዘንግ መቀመጫ በየጊዜው በብሩሽ መጽዳት አለበት። ዘይት በዝቶ ከተደረገበት አቧራውን ይዞ ያስቀራል፤ ጠብታ ይበቃል።

ማያያዣው ከመጀመሪያው ቀን አንድ ዓይነት መሆን አለበት። መንጠቆና ቀለበት ያለው የአውሮፓ ዓይነት ጠባብ መታጠፊያን ይችላል፤ እንደ ጣት የሚቆላለፈው የአሜሪካ ዓይነት ለዓይን ያምራል፣ ግን የከፍታ ልዩነት አይወድም። ሁለቱ እርስ በርስ አይያያዙም። ሁለት ፉርጎ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ፊት ለፊት ሲቆሙ ማያያዣዎቹ እኩል ካልሆኑ ባቡሩ እብጠት ላይ ሲደርስ ይላቀቃል።

ባዶ ጠፍጣፋ ፉርጎ ቀላል ስለሆነ መታጠፊያ ላይ ወደ ውስጥ ይጋደማል። ከወለሉ በታች ሮንደላ በሲልከን ማጣበቅ ያስተካክለዋል፤ አለዚያም ከባቡሩ ጭራ መቀጠል ነው።

አካሉን በተመለከተ ዋናው ጠላት ፀሐይ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ጨረሩ ይበረታል፤ ርካሽ ፕላስቲክ ቶሎ ይገረጣል፣ ደረጃዎቹና የእጅ መያዣዎቹም ይሰባበራሉ። ሳጥኑ ላይ ፕላስቲኩ የፀሐይ ጨረር እንደሚቋቋም የተጻፈ መሆኑን ማየት ይገባል፤ ቢጻፍም ፉርጎውን ውጭ አለማሳደር ይመረጣል። ሐዲዱ ይደር፣ ፉርጎው ቤት ይግባ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ላሉ ግቢዎች ሌላም ምክንያት አለ፤ ከአሞራ ገደል አካባቢ የሚመጡ ጦጣዎች የሚነቀል ነገር ካገኙ አይተዉም።

ያገለገለ ፉርጎ በሚገዛበት ጊዜ የጠፋ ዕቃ እንጂ የቀለም ጭረት ሊያሳስብ አይገባም። ጭረት ያረጀ ፉርጎ ያስመስለዋል፤ የተሰበረ ቦጊ (ዘንጎቹን የሚይዘው ተሽከርካሪ ክፍል) ግን እዚህ መለዋወጫ የለውም። ከውጭ በሻንጣ የሚያስመጣ ሰው ቢያንስ ሁለት ትርፍ ዘንግና ጥቂት ማያያዣ አብሮ ይዘዝ። ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ዝግ፣ አንድ ክፍትና አንድ ቦቴ፣ ሦስቱም በአንድ ስኬልና በአንድ ማያያዣ፣ ይበቃሉ። በዚያው ዋጋ የሚገኙት ስድስት የፕላስቲክ ጎማ ፉርጎዎች ይቅሩ።